ባዶ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

በዚያ ዓመት ኅዳር ሲታጠን በሰፈራችን ቆሻሻ ጠርጎ ያቃጠለ ሰው ጥቂት ነው። ሌላ ዓመት ቢሆን ሰፈራችን ወሰን ከማለዳው ጀምሮ በጭስ ይታፈናል፤ በየደጁ ቅጠሉ፣ ካርቶኑ፣ ያረጀው ሰሌን ሁሉ ይነዳል፣ በሽታ ይወጣል ይባላል። የዚያን ዓመት ግን ጭስ ሌላ ነገር ያስታውስ ነበር። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት አስፋልት ላይ ጎማ ሲነድ ያየ ሰው፣ ከየትም የወጣ ጭስ ያስደነብረዋል። አከራዬ ግቢውን ጠራርጋ ክምሩን ደጅ አወጣችና አጠገቡ ቆመች። ብዙ ቆመች። ከዚያ፣ "ይቅርብኝ፣ ማን ከማን ጋር ይነካካል" ብላ ክብሪቷን መልሳ ኪሷ ከተተች። እኔ በመስኮት እመለከታት ነበር። ወንድሜ ከተወሰደ ሰንብቷል።

ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ እኔ አሳደግኩት ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው ቤት እየሠራሁ አስተማርኩት። እሱ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ በራሱ መጽሐፍ ፊደል አስቆጠረኝ። የማታ ትምህርት ቤት የገባሁት እንደኔ ያለች ሴት ልጆቿን በምታስመዘግብበት ዕድሜ ነው። ጨርሼ በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ረዳት ሆንኩ፤ እስካሁንም ከመጽሐፍ ጋር ነው የምውለው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ የተጻፈም የተነገረም ነገር እንደ ነገሩ ማለፍ አይሆንልኝም። ወንድሜ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። "እትዬ፣ አንቺ እኮ የታክሲ ታፔላም ታርሚያለሽ" ይለኛል።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለ ጴንጤ ሆነ። ሲግናል አካባቢ ካለ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ይሄዳል፣ እዚያ ይዘምራል፣ እዚያ ያለቅሳል። እኔ ማተቤን እንዳሰርኩ ቀረሁ። አንድ ክፍል ውስጥ በሁለት እምነት መኖር አስቸጋሪ የሚሆነው በጾም ወራት ብቻ ነበር፤ ምድጃችን አንድ ነውና። እኔ የጾም ሽሮዬን ሳወርድ እሱ ትንሿን ብረት ድስት ጥዶ እንቁላል ይቀቅላል። ከዚያ ሆን ብሎ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይልጠዋል።

"እትዬ፣ ሽታው ያስፈስካል?"

"ሽታው አይደለም፣ ወሬህ ነው የሚያስፈስከኝ።"

በልጅነቱ እንቁላል የምናየው በዓመት በዓል ነበር። ካደገ በኋላ ሠርቶ የሚገዛው እሱ፣ የማይጠግበውም እሱ።

የተወሰደው ነጭ ጋዝ ሊገዛ ወጥቶ ነው። ያን ሰሞን ወጣት ወንድ ሆኖ መንገድ ላይ መገኘት ይበቃ ነበር። መኪና ቆመ፣ ያገኙትን ጫኑ፣ ሄዱ። ጀሪካኑን ባለሱቁ አመጣልኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር፤ ጋዙን ቀድቶ፣ ከፍሎ፣ ሊመለስ ሲል ነው ማለት ነው።

ከዚያ ከጣቢያ ጣቢያ መዞር መጣ። በየበሩ ሴቶች ናቸው የቆሙት፤ እናት፣ እህት፣ ሚስት። ወንዶቹ ወይ ገብተዋል፣ ወይ እንዳይገቡ ቤት ተቀምጠዋል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወዲያ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ በር ላይ ስሙን ስናገር፣ በረኛው ፖሊስ ወደ ውስጥ ተጣርቶ ተመለሰና፣ "ስንቅ አምጪለት" አለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከደስታዬ ብዛት ነገ ምን እንደምሠራለት እዚያው ማሰብ ጀመርኩ። ዛሬ ያ ተራራ ሰው ለሽርሽር የሚወጣበት ሆኗል ይሉኛል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ያ በር ነው።

እስረኛ ማየት አይፈቀድም ነበር። መልእክትም አይገባም። የሚገባው ምግብ ብቻ ነው። ደንቡን የሚነግርሽ ፖሊስ አይደለም፣ ቀድማሽ የመጣችው ሴት ናት፤ ምሳ ዕቃሽ ባዶውን ከተመለሰ ሰውሽ አለ፤ እንደ ሞላ ከተመለሰ የለም። የለም ማለት ምን እንደሆነ ማንም አያብራራም። አንድ ቀን የአንዲቷ እንደ ሞላ ሲመለስ አየሁ። ተቀብላው ክዳኑን ከፈተችና መልሳ ከደነችው፤ በልቶላት ይሆናል ብላ እንደገና ከፈተችው። ሁላችንም ከሷ ራቅ አልን። ክፋት አልነበረም። ዕጣዋ እንዳይጋባብን ነው።

ሌላው ደንብ፣ ምግቡ ከመግባቱ በፊት ያመጣችው ሴት ፖሊሱ ፊት ትቀምሳለች።

አብረውኝ የሚመላለሱት የወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ሴት ነበሩ። መገናኛ ላይ ድንችና ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ልጃቸው የተያዘው ከወንድሜ ጋር በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተራ እየጠበቁኝ አብረን እንሳፈራለን። ታክሲ ውስጥ ድምፃቸውን አውጥተው ይጸልያሉ። እኔ በሐፍረት ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

"እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይስማ። የምለምነው እነሱን አይደል።"

"ያን ያህል መጮህ ያስፈልጋል?"

"አንቺ በልብሽ ትይዋለሽ፣ እኔ በአፌ እለዋለሁ። የየትኛችን ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን" ብለው ሳቁ። ፊት ወንበር ያለው ሰውዬም ሳይዞር ሳቀ። ያን ሰሞን የሰማሁት ሳቅ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በልቤ ግን የምለው ነገር አልነበረኝም። ጸሎቴን እንደ ልማዴ አደርሳለሁ፤ ቃል አልዘልም፣ ሰዓት አላሳልፍም። ቃሉን በቃሌ ስለማውቀው ከንፈሬ ብቻውን ይሄዳል፣ እኔ የመኪና ድምፅ አዳምጣለሁ። አንድ መኪና መንገዳችን ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ልቤ ይቆማል። ልውሰድህ የሚባል ሌላ ሰው ቤቴ የለም፤ ቢሆንም ይቆማል። ትምህርት ቤት መምህራኑ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ፤ አርፍጄ ስመጣ የት ዋልሽ የሚለኝ የለም። ጎረቤት ሰላምታውን አሳጥሮታል። እግዚአብሔርም እንደ ጎረቤት የራቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያውቃል፣ ይሰማል፣ ግን ደጄን መርገጥ አይፈልግም።

የሚያቆመኝ ያ ባዶ ምሳ ዕቃ ነው። በየቀኑ ባዶውን ይመለሳል። ስቀበለው አየዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ ክዳኑን በጣቴ እዳስሳለሁ። ከእሱ እጅ የመጣ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልቤን ይከነክነኝ ነበር። ወንድሜ የእንጀራ ዳር አይበላም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቁን ዳር ዙሪያውን ቆርሶ ይተወዋል፣ ስቆጣውም አይሰማም። ከዚያ ግቢ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ ግን የታጠበ እስኪመስል ተጠርጎ ነው። ርቦት ነው አልኩ። የራበው ሰው ዳር አይመርጥም ብዬ አለቀስኩና ዳሩን እየቆረጥኩ መሐሉን ብቻ መላክ ጀመርኩ።

የገና ጾም ገባ። እኔ ሽሮውን፣ ክኩን፣ ጎመኑን እየተካሁ እልካለሁ። በርግጥ በሩ ላይ ስቀምስ የጾሙን ሰዓት እሽራለሁ፤ እሱን ለራሴ በሆነ መንገድ አስማምቼዋለሁ። ሴትዮዋ ግን ምሳ ዕቃዬ ሲከፈት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንቺ ልጅ፣ መንግሥት ያሰረው አይበቃውም? አንቺ ደግሞ በጾም ታስሪዋለሽ?"

"የጾም ቤት ነው እማማ። ሌላ ምን ልሥራ?"

"ልጁ እኮ ጾመኛ አይደለም። ሽሮ ብቻ እየበላ በዚህ ብርድ ሊያልቅ ነው። እሱ የኛ ነው።"

"የእናንተ ከመሆኑ በፊት የኔ ነው" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ዞሩ።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝና፣ "ያንቺ ከሆነ የሚወደውን ላኪለት" አሉ።

በማግስቱ እንቁላል ቀቀልኩ። በጾም ወር በገዛ እጄ እንቁላል ስቀቅል የመጀመሪያዬ ነው። በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ከሽሮው ለይቼ ያዝኩት፤ ቢቻል እንዳይነካካ ብዬ። መቅመሱን አላሰብኩም ነበር። ያላሰብኩት ሞኝ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፤ ደንቡን ከማንም ይልቅ እኔ አውቀው ነበር።

ያን ቀን በሩ ላይ የነበረው ወጣት ፖሊስ ነው። አነጋገሩ የገጠር ነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ሽሮውን ቀመስኩ። ፌስታሉን በዱላው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ይኼስ?"

"እንቁላል ነው።"

"ቅመሺ።"

ፌስታሉን አልፈታሁም። አንገቴን አየ፣ ማተቤን። ፊቱ ተለወጠ።

"ጾመኛ አይደለሽም እንዴ?"

"ጾመኛ ነኝ። ለወንድሜ ነው። እሱ አይጾምም።"

ሴትዮዋ ከኋላዬ መጡ። "እኔ ልቅመስላት ልጄ፣ እኔ አልጾምም።"

"ያመጣችው ናት የምትቀምሰው፣ እናቴ። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም።" ወደኔ ዞረ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ተይው በቃ። አውጪውና ሽሮውን ላስገባልሽ" አለኝ።

ከሰልፉ አንዷ፣ "ለእሱ ፋሲካ፣ ለእሷ ጾም፤ ይኼ ምን ዓይነት ቤት ነው" አለች፤ ሌላዋ "ዝም በያት" አለቻት።

ፌስታሉን ፈታሁ። አንዱን አውጥቼ የበሩ ብረት ላይ መታሁትና ላጥኩት። ቁራሽ ቀምሼ ቀሪውን መላክ ሐፍረት ሆነብኝ፤ ስለዚህ ሙሉውን በላሁት። ጨው አልነበረውም። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ውኃ የሚሰጠኝ ፈልጌ ዞር ስል ሁሉም መሬት ያያሉ። ፖሊሱም መሬት ያያል። የቀሩትን መልሼ ቋጥሬ ሰጠሁት።

እንደ ሌላው ቀን ከግንቡ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ፀሐይ ነበር፣ ነፋሱ ግን ከተራራው እየወረደ አጥንት ይገባል። ሴትዮዋ እጄን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ምሳ ዕቃዎቹ መውጣት ሲጀምሩ የሳቸው ቀድሞ መጣ፣ ባዶ። ከዚያ የኔ። ምሳ ዕቃው ባዶ፣ ተጠርጓል። ፌስታሉ ላዩ ላይ ነበር፤ እኔ እንደ ቋጠርኩት፣ እንቁላሎቹ እንዳሉ።

መጀመሪያ የተረዱት ሴትዮዋ መሰሉኝ፤ ከኔ በፊት ማውራት ጀመሩ።

"አሞት ይሆናል።"

"የታመመ ሰው ሽሮ ጠርጎ አይበላም።"

"ጠግቦ ይሆናላ።"

"እማማ።"

አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎ ያሉትን ለማለት እንደከበዳቸው ያስታውቃል። "ምናልባት ልቡ ወደ እናንተ ተመልሶ ይሆናል። እስር ሰውን ወደ እናቱ ሃይማኖት ይመልሳል።"

እሳቸው ያን ሲሉኝ ለአንድ አፍታ አመንኩ። ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጾም ይዞ ታየኝ። ግን ያው እኔ ነኝ፤ የእንጀራው ዳር መጣብኝ። መጀመሪያ ላይ ዳሩን ሲበላ የነበረው፣ እንቁላሉን ያልነካው፣ ምሳ ዕቃዬን በምግባር ጠርጎ የሚመልሰው ሰው ጾመኛ ነው። ከገጠር የመጣ፣ ጠያቂ የሌለው፣ ማተቡን ያሰረ ሰው። ወንድሜ አይደለም። ምናልባት አንድም ቀን ወንድሜ አልነበረም።

ብድግ ስል ሴትዮዋ ቀሚሴን ያዙ። "አትጠይቂ። ከጠየቅሽ ስንቁን ይከለክላሉ፣ ያም ሰው ይራባል።"

እውነታቸውን ነበር። ግን ወንድሜ ነው የጠፋው። ሄድኩ።

ፖሊሱን፣ "እዚህ የለም፣ አይደል?" አልኩት።

"ምግቡ ገብቷል። ተበልቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እንቁላሉን አልበላም። እሱ ቢሆን ይበላ ነበር።"

ግራ ቀኝ አየ። ለበላሁት እንቁላል ብሎ ይመስለኛል የመለሰልኝ። "የዚያን ሰሞን ከመጡት ብዙዎቹ በመኪና ሄደዋል። ገና እንደመጡ።"

"የት?"

"ቆላ ነው የሚሉት። እኔ አላውቅም። አልተባልኩም።"

"ታዲያ ስሙ ሲጠራ ማን ነው አቤት የሚለው?"

ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። "የራበው ሰው ነዋ" አለኝ። "አቤት የሚል አይጠፋም።"

ታክሲ አልያዝኩም። ሴትዮዋን ነገ ታክሲ ተራ እንገናኛለን ብዬ ሸኘኋቸውና ሽቅብ ሄድኩ። ለምን ወደ ተራራው እንደሄድኩ አላውቅም፤ ወደ ታች ብሄድ ቤት ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ያ ጋዝ የሞላው ጀሪካን አለ። ባሕር ዛፉ መሐል ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ እያቃሰቱ ሰላም ይሉኛል። ፌስታሉ በእጄ ነው። ለአንዷ ልስጣት ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ "ውይ እህቴ፣ ጾም አይደል" ብላኝ አለፈች። ያን እንቁላል የምሰጠው ሰው አጣሁ፤ ተራራው ሁሉ ጾመኛ ነው።

ላይ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ቅዳሴው ገና አላለቀም ነበር፤ ድምፁ በዛፉ ውስጥ እየቆራረጠ ይመጣል። እኔ በልቻለሁ፤ ያውም በጾም፣ ያውም እንቁላል። ቅጥሩን አልገባሁም። በሩን ተሳልሜ ከውጭ፣ ድንጋይ ግንቡን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ልጸልይ ስል ያ በቃሌ የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ቃል አልመጣም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ባዶ ሆኜ አላውቅም።

እግዚአብሔር ተናገረኝ የሚሉ ሰዎችን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ የሆነውን ብቻ፣ ከሆነው ሳላሳልፍ ለመጻፍ እሞክራለሁ። ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃን አላየሁም። ወንድምሽ ይመለሳል ያለኝ የለም። ብቻ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ አጠገቤ መኖሩን አወቅሁ። ጨለማ ክፍል ስትገቢ፣ ምንም ሳታዪ፣ ሰው ተኝቶ እንዳለ እንደሚታወቅሽ ያለ ነው። አላጽናናኝም ብል እዋሻለሁ፤ አጽናናኝ ብልም ቃሉ ይበዛል። ፍርሃቴን አልወሰደልኝም። ፍርሃቱ በአንድ ጎኔ፣ እሱ በሌላው ጎኔ ተቀምጠው፣ ሦስታችን እዚያ ዋልን። የገረመኝ ቅጥሩ ውስጥ አለመሆኑ ነው። የሚቀደስበት ውስጥ ነው፤ ያን ቀን ግን እኔ ጋ፣ ከውጭ ነበር። ይህን የንስሐ አባቴን አልጠየቅሁም። እንዳያርሙኝ ፈርቼ ነው።

ቁልቁል ስወርድ ፈረንሳይ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ አንድ የፖሊስ መኪና አለፈ፤ እንደ ድሮው ልቤ ቆመ። ያ የተራራው ነገርም እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ፈልጌው ወጥቼ አውቃለሁ። ግንቡ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ብርዱ አለ። እሱ እንደ ፈለግሁት አልመጣልኝም።

ስንቄን በማግስቱ አልተቀበሉኝም። ሴትዮዋ የልጃቸውን ምሳ ዕቃ በትልቅ ለውጠው በላዩ ላይ የጾም ወጥ መጨመር ጀመሩ። "ልጄ ዓይኑን ከከፈተ ጎኑ ያለውን ያበላል" ይላሉ። ያበላው፣ አያብላው፣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም፤ ልጃቸው ወጥቶም ያን ሰው አላውቀውም አለ። እኔ ከሳቸው ጋር መሄዱን አልተውኩም። ሌላ የምሄድበት በር አላውቅማ።

ገና በዚያ መሐል አለፈ። አከራዬ ዶሮ ወጥ በሳህን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኑራልኝ ወጣች፤ እንደ ተከደነ ረጋ። ሞቷል ብዬ ራሴን ለማለማመድ ሞከርኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን። ከተናገርኩት በኋላ የማልቀስም የመጸለይም አቅም አጣሁና ብርድ ልብሱን አጠፍኩ። የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

ወንድሜ የመጣው ከገና በኋላ በአንድ ከሰዓት ነው። ከመገናኛ በእግሩ። ራሱ ተላጭቷል፣ በሰው ሸራ ጫማ ነው። በሩን የከፈተችለት አከራዬ አላወቀችውም፤ "ማንን ፈልገህ ነው?" ስትለው እሰማለሁ። ወጥቼ እጁን ይዤ አስገባሁት።

የወሰዱት ቆላ አገር ነው፤ ወባ ይዞት ነበር። ሴትዮዋ ከአዳራሹ ሰዎች ጋር ሊጠይቁት መጡ። ዘመሩ፣ እጃቸውን ጫኑበት። "ጌታ ነው ያወጣህ" አሉት አንድ ሽማግሌ።

"ያስገባኝስ ማን ነው?" አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ሴትዮዋ ግን ከሁሉም በኋላ ሲወጡ በሩ ላይ ያዙኝና፣ "አትጨቃጭቂው፤ ከጌታው ጋር ተኮራርፈው ነው፣ ይታረቃሉ" አሉኝ። ስለ ባልና ሚስት የሚያወሩ ይመስላል።

አንድ ቀን ይስቅልኝ እንደሆነ ብዬ የእንቁላሉን ነገር ነገርኩት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"አንቺ? በጾም?"

"ሙሉውን።"

"ያለ ጨው?"

"ያለ ጨው።"

ሳቀ። ከመጣ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ሲያበቃ ፊቱ ረጥቧል። "እኔ እኮ ጠራሁት እትዬ" አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። "በመኪናው ላይ ጠራሁት። እዚያም ጠራሁት። ብቻዬን ነበርኩ።"

የተራራውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የኔ ያ አንድ ከሰዓት ነው፤ የሱ ስንት ሌሊት። እዚያ ላይ እግዚአብሔር ከኔ ጋር ነበር ብዬ ብነግረው፣ ካንተ ጋር አልነበረም ማለት ይሆንብኛል። መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም፤ እዚህ ካላነበበው በቀር።

ትኩሳቱ የሚነሣበት ከሰዓት በኋላ ነው። መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ሰው እንዲያየው አይፈልግም፤ ብቻውን መሆንም አይችልም። ስለዚህ አልጋውን ከኔ ከሚለየው መጋረጃ ወዲህ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፣ መጽሐፍ እገልጣለሁ። አንድ ገጽ እንኳ የማነብ አይመስለኝም። ገጹን ስገልጥ እንዳይረበሽ በዝግታ ነው የምገልጠው። ውጭ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ፤ የታክሲ ረዳት "መገናኛ፣ መገናኛ" ይላል። ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማኛል። ብድግ ልል እልና እተወዋለሁ።

"አለሽ?" ይላል ከመጋረጃው ወዲያ።

"አለሁ።"

ዝም ይላል። ትንፋሹ ይረዝማል፤ ተኛ ስል ያው ድምፅ እንደገና ይመጣል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። በዚያ መሐል፣ እሱ ዝም ሲል፣ እኔም በልቤ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልስ ሰምቻለሁ አልልም። ወንበሬን ግን ትቼ አልተነሣሁም፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ እስኪወርድ፣ እሱም ላብ አጥልቆት እንቅልፍ እስኪወስደው።